ጅራቷ እስኪበቅል

ዛሪማ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እኅቴ ለመምህርት የትናየት
ዳባት

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። ወንበር ሳቢ። ተማሪ አጠገብሽ ካለ አስወጪው። እጅግ ከባድ፣ እጅግ አሳዛኝ፣ የዘር ማንዘራችንን አንገት የሚያስደፋ ዜና ልነግርሽ ነው።

ወንድምሽ ደርቤ፣ የእማ ብርሃኔ የመጨረሻ ልጅ፣ ስምንተኛን ሁለት ጊዜ የተማረ ምሁር፣ በመንግሥት እየተፈለገ ነው። የደባርቅ ፍርድ ቤት «ተይዞ ይቅረብ» የሚል ማዘዣ አውጥቶበታል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ስሜ እስከ አያቴ ድረስ ተጽፎበታል። አያታችንን ምን አጠፉ ብለው እንዳስገቧቸው እንጃ፤ እሳቸው እንደሆነ ከእንግዲህ ቢፈለጉም አይገኙም።

እየሳቅሽ ከሆነ ተይ። ይኼኛው የምር ነው።

የአያ ያርጋልን በቅሎ ነገር እማ ነግራሻለች፤ እሷ ግን ስትናደድ ስለምታሳጥር እኔ ላስረዝምልሽ። ጥቅምት መባቻ ላይ ነው። በቅሎዋ ወንዝ ዳር ታስራ ነበር፣ እኔ መቀስ ይዤ ነበር፣ ሁለታችንም ሥራ አልነበረንም። የጅራቷን ፀጉር ሙልጭ አድርጌ ሸለትኩት። ከዚያ እጀታ አበጀሁለትና ያማረ የዝንብ ጭራ አድርጌ ገበያ መሐል ለማን ሰጠሁት? ለራሳቸው ለአያ ያርጋል! «ተባረክ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጭራ ካየሁ ዘመኔ» ብለው መረቁኝ። ፊታቸውን እያራገቡበት ቤታቸው ገቡ። በቅሎዋን አዩ። ጭራውን አዩ። እንደገና በቅሎዋን አዩ። ምርቃቱ እዚያው ላይ ተሻረ።

የሰውን በቅሎ ጅራት መሸለት ባለቤቷን ገበያ መሐል ራቁቱን እንደማቆም ነው፤ አትንገሪኝ፣ አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ቢላክባቸው እንቢ ብለው ከሰሱኝ። መጥሪያው ለኅዳር 12 ነበር። እስቲ አንቺ ፍረጂ፤ ለኅዳር ሚካኤል! እንኳን ሰው በሬ የማይጠመድበት ቀን! ጸሐፊዋ ሳታስተውል የጻፈችው ነው ብዬ ነጭ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እዚያ ማንን ባይ ጥሩ ነው? አያ ያርጋልን፣ ታቦቱን እያጀቡ። ዓይን ለዓይን ተጋጨንና ሁለታችንም ቶሎ ወደ ታቦቱ ዞርን። «ከሳሼ እዚህ ካሉ ዛሬ ችሎት የለም» ብዬ ልቤን ጥዬ ጸበል ጻዲቄን በላሁ። ለካ ፍርድ ቤት ሚካኤልን አያከብርም!

ፖሊሶች እማ ቤት ሲመጡ እኔ በጓሮ ወጣሁ። ሾፌሩ ሰብስቤ በአይሱዙው ሊማሊሞን አውርዶ ዛሪማ አጎት ኪዳኑ ጋ ጣለኝ። አሁን ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ ጎማ እለጥፋለሁ። ስልኬን አትሞክሪ፤ በስልክ ፈልገው ይደርሱብኛል ብዬ ሲም ካርዱን ሊማሊሞ ላይ ወደ ገደሉ ወርውሬዋለሁ። ጭላዳ ዝንጀሮ ካነሣው ሰላም በይልኝ።

አሁን ቀልዱን ላቁም። የእማ ገብስ ደርሶ ቆሟል። ማጭድ የሚይዝላት ከእኔ ሌላ የለም፤ ታውቂያለሽ። ዋስ ካገኘሽልኝ ዛሬውኑ ወጥቼ እጄን እሰጣለሁ። ያለ ዋስ ከገባሁ ግን እስከ ገና እዚያው እቀመጣለሁ፤ ገብሱም ለወፍና ለውርጭ ይሆናል።

ሰብስቤ መልስሽን ያመጣልኛል። እዚህ ሙቀቱስ ይቻል ነበር፤ የማይቻለው ዝንቡ ነው። በአንድ እጄ እየጻፍኩ በአንድ እጄ ፊቴን በጥፊ እመታለሁ። ምነው ያ ጭራ በኖረኝ!

የሚፈለገው ወንድምሽ
ደርቤ


ዳባት፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደርቤ

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቆሜ ነው ያነበብኩት።

መጀመሪያ አላመንኩህም። አምና «ወደ ዛሪማ ተዛውረሻል» የሚል ወረቀት ልከህልኝ ዕቃዬን አስሬ እንደነበር አልረሳሁም። አሁን ዛሪማ አንተን ወሰደችህ፤ እግዚአብሔር አይቸኩልም።

ዓርብ ክፍሌን ለሌላ መምህር ሰጥቼ ደባርቅ ሄድኩ። እውነት ነው። ማዘዣው አለ። ፖሊሱ «የት ነው ያለው?» አለኝ፤ «ቆላ ወርዷል» አልኩት። ውሸት አይደለም። ሥራዬ አስተማሪነት ነው ደርቤ፤ ከፖሊስ ጋር ቃል መሰንጠቅ አልለመድኩም።

ዋስ ማለት እንዲህ ነው። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያመጣል፤ አንተ ከጠፋህ እሱ ይጠየቃል። አንድ ደብዳቤ የሚያገለግለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ግብርና ቢሮ ያለውን አገኘሁን ለመንኩት፤ የክርስትና አባትህ ስለሆነ እንቢ አይለኝም ብዬ ነበር። ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። «የደርቤ ማዘዣ? ማኅተሙን ከድንች ቀርጾት ይሆናል» አለኝ። በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ብነግረው «አንቺንም አሳምኖሻል ማለት ነው» ብሎ አዘነልኝ። ሌላ ሁለት ቤት አንኳኳሁ፤ አንደኛው ሳቀ፣ ሌላኛው አልሳቀም፤ ሁለቱም ግን ዋስ አልሆኑም። ዘመዶችህ ክፉዎች አይደሉም። ስትስቅባቸው ከርመህ አሁን ማልቀስህን ከምን ይለዩት?

ስለዚህ እኔው እሆናለሁ። ርዕሰ መምህሩ ጎንደር ናቸው፤ ሐሙስ ሲመለሱ ደብዳቤውን ያስጽፉልኛል። እስከዚያ ካለህበት አትንቀሳቀስ።

ለእማ በሰብስቤ የላክኸውን የይቅርታ ልመና ነግሬያታለሁ። መልሷ «ይተወኝ» ነው። ሰላም ግን ብላሃለች፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

የትናየት


ዛሪማ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ ዋሴ፣ ማኅተሜ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከዝንቡ በቀር ደኅና ነኝ።

በሰብስቤ አፍ የላክሽው «ከእንግዲህ ቀልድህን ትተዋለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ደርሶኛል። መልሴ «እሞክራለሁ» ነው። «ማልልኝ» አላልሽም፣ እግዜር ይስጥሽ። ብምል አንቺም አታምኚኝም፣ ሰብስቤም መንገድ ላይ ይስቃል፣ ሊማሊሞ ላይ ደግሞ የሚስቅ ሾፌር አያስፈልገንም።

ትናንት ምን ሆነ መሰለሽ? የፖሊስ መኪና ጎማው ተንፍሶ እኛ በር ላይ ቆመ። እግሬ ሽሽ ይለኛል፣ አጎት ኪዳኑ ደግሞ ክሪኩን ወደ እኔ ይገፋዋል። ሥር ገብቼ ፈታሁት፣ ለጠፍኩት፣ ነፋሁት። አንደኛው ፖሊስ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፦

«ጎበዝ ነህ። ስምህ ማነው?»

«ኪዳኑ» አልኩ።

አጎት ኪዳኑ ቀና ብሎ አየኝ። መኪናዋ ከሄደች በኋላ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ እጁን ከታጠበ በኋላ፦

«ሁለት ኪዳኑ ለአንድ ጎሚስታ ይበዛል» አለ።

ይኸው ነው የሰውየው ወሬ። አብሮት የሚያድር ሰው ዝም ማለት ይማራል። እኔ ደግሞ ዝም ስል አስባለሁ፣ ሳስብ ገብሱ ይመጣብኛል። እዚህ ቆላው ሰው አጭዶ ጨርሷል፤ ማሳው ሁሉ ገለባ ነው። እሱን እያየሁ የእማን ማሳ ቆሞ አስበዋለሁ። ከታች በኩል ያለው እርከን ቀድሞ ይደርሳል፣ መጀመሪያ እሱ ይታጨድ በይልኝ። ግን ማን ያጭደው? ይኼን ጥያቄ ሰርዢው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደክሞኛል። ጎማ ሳይሆን መሸሽ ነው የሚያደክመው። መኪና በቆመ ቁጥር ልቤ በጓሮ ይወጣል። ሰው ቀልድ ነግሬው ሲስቅ እንኳ ከኋላው ማን እንደቆመ አያለሁ።

ደብዳቤው ማኅተም እንደተመታበት አንድ ቃል ላኪልኝ። የዚያኑ ቀን እወጣለሁ።

ደርቤ (ሁለተኛው ኪዳኑ)


ዳባት፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ደርቤ፣

ከሰላምታ በፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ሰብስቤ ቅዳሜ ሲያልፍ ደብዳቤ የለኝም ያልኩት ጽፌ ቀድጄው ስለነበር ነው።

ደብዳቤው ተጽፏል። ማኅተም ተመትቶበታል። ላንተ ግን አልዋለም።

ዓርብ ጠዋት ይዤው ደባርቅ ደረስኩ። ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ካልደረሰበት ግድግዳ ሥር፣ ድንጋይ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ቀረብ ብዬ ሳይ አያ ያርጋል ናቸው።

«ምነው አያ? ክሱን ሊከታተሉ መጥተው ነው?» አልኳቸው።

«ምን እከታተላለሁ ልጄ፣ ተይዤ ነው» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። ለካ አንተ ተከሳሽ ሆነህ እንደቀረህ እሳቸውም ምስክር ሆነው ቀርተዋል። ዳኛው በአንድ ቀን ለሁለታችሁም ማዘዣ ጽፈዋል። ፖሊስ አንተን ሲያጣ እሳቸውን ከአውድማቸው አነሣቸው።

«ስልሳ ዘመን ሚካኤልን ሳከብር በዚህ የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። «መጥሪያውን አይቼ ተጠራጥሬ ነበር። በኋላ ግን ወንድምሽን ታቦቱ ሥር አየሁት። ተከሳሹ እዚህ ካለ ዛሬ ችሎት የለም ብዬ ልቤን ጣልኩ።»

ደርቤ፣ ሳቄ መጣ። አልሳቅሁም። እጃቸው በብርዱ ጠቁሯል። ሌሊቱን እዚያው ነው ያደሩት። ልጆቻቸው ሰሊጥ አጨዳ ወርደው አልተመለሱም፤ የእሳቸውም ገብስ ግማሹ ወድቆ ግማሹ ቆሟል። የሚያውቁት ደመወዝተኛ የለም። ቤታቸውን በዋስትና እንዳያስይዙ ካርታው እሳቸው ብቻ በሚያውቁት ሣጥን ተቆልፎ ነው ያለው፤ ሄደው ለማምጣት ደግሞ መጀመሪያ መለቀቅ አለባቸው።

መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ወረቀቱን ሰጠሁት።

«የማን ዋስ ነሽ?» አለኝ።

አፌ ያንተን ስም ሊል ነበር። «የአያ ያርጋል» አልኩ።

«አንቺ የተከሳሹ እኅት አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«የከሳሹ ዋስ?»

«አዎ።»

ጓደኛውን ጠርቶ እንደገና አስጠየቀኝ። እንደገና አዎ አልኩ። አያ ያርጋል ጋቢያቸውን አራግፈው፣ እኔን ሳያዩ፣ በበሩ ወጥተው ሄዱ።

እማ ይህን ሰምታ እስከ ዛሬ አላናገረችኝም። አንተም ብታኮርፍ አልፈርድብህም። ሌላ ዋስ እየፈለግሁ ነው። አላገኘሁም።

እኅትህ


ዛሪማ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህርት የትናየት፣ የአያ ያርጋል ዋስ
ዳባት

ጉዳዩ፦ ኩርፊያን ስለማሳወቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው አመልካች ወንድምሽ አኩርፌያለሁ። ግልባጭ፦ ለእማ፣ ለሰብስቤ፣ ለበቅሎዋ።

ይህን ትናንት ጽፌ ላሽገው ስል አጎት ኪዳኑ «የእኅትህን አንብብልኝ» አለኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ድንጋዩ ጋ ስደርስ አቋረጥኩ፤ ዝንብ ገባብኝ ብዬ አሳለፍኩት። ሲያልቅ ጎማውን አስቀመጠና «ደግ አደረገች» አለ። ከመጣሁ ሰው ሲያመሰግን ስሰማው የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ ኩርፊያው ተነሥቷል። ሽማግሌው ያን ሌሊት ብርድ ላይ እንዲያድሩ እኔ ጅራት ስሸልት አላሰብኩም፤ እሳቸውም ሲከሱኝ አላሰቡም። ታቦቱ ሥር ቆመን እሳቸው እኔን አይተው ተሳሳቱ፣ እኔም እሳቸውን አይቼ። ምነው ያን ቀን አንዳችን ቆላ በወረድን!

አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። ስለ ገብሱ ጠይቄሽ ነበር። ስለ ርዕሰ መምህሩ ጻፍሽ፣ ስለ ጋቢው ጻፍሽ፣ ስለ እማ ገብስ አንድ ቃል የለም። እማ ምንም እንዳትጽፊልኝ ብላሽ ነው? ወፍ ጀምሮታል? ንገሪኝ። ወይም አትንገሪኝ፣ ዝምታሽ ነግሮኛል።

ዋስ ፍለጋውን ተዪው። በሰው ደጅ አትንከራተቺ። የመጣው ይምጣ፣ ወጥቼ እገባለሁ። እስር ቤት ቢያንስ መኪና ሲቆም አያስደነግጥም።

ደርቤ


ዳባት፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደርቤ፣

ይህ ደብዳቤ እስኪደርስህ እንዳትነሣ። ሰብስቤ አንድ ጥቅል ይሰጥሃል። ሳትፈራ ፍታው፤ እባብ የለበትም፣ ላኪው አንተ አይደለህም።

ትናንት በሬ ተንኳኳ። አያ ያርጋል ናቸው፣ ከደባርቅ በሚኒባስ መጥተው። ያልተላጠ ባቄላ በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። ቁጭ በሉ ብል ቆመው ቀሩ።

«ያን ቀን ሳላመሰግንሽ የሄድኩት» አሉኝ፣ «አፌን ብከፍት አለቅስ ስለነበር ነው። በፖሊስ ግቢ ሽማግሌ አያለቅስም።»

ከዚያ ተቀመጡ። ስለ አንተ ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? የመጀመሪያ ደብዳቤህን አውጥቼ አነበብኩላቸው። የመቀሱ ጋ ስደርስ ፊታቸው ጠቆረ። «በቅሎዋን አዩ፣ ጭራውን አዩ» ያልከው ጋ ከንፈራቸውን ነከሱ። በጥፊ ፊትህን የምትመታው ጋ ስደርስ ግን ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ይህን ልጅ ዝንብ ሊጨርሰው ነው!»

ከጋቢያቸው ሥር ጭራውን አወጡ። ያን ጭራ። ለካ አልጣሉትም፤ አይተውት ሊናደዱ ነው ያስቀመጡት፣ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

«ላኪለት። ይዞት ይምጣ። ዋሱ እኔ ነኝ።»

የቤታቸውን ካርታ ይዘው ፍርድ ቤት ሄደው ጠይቀዋል። ዳኛው አሰብ አድርገው «ሕጉ ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ አይሁን አይልም፤ እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብሎ አላሰበማ» አሉ አሉ። ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ይጠብቁሃል። ካልመጣህ ቤታቸው ተይዞ ይቀራል። «ግን አንድ ቅጣት አለኝ» ብለዋል። ምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ጠይቄም አልነገሩኝም።

ወጥመድ ነው እንደምትል አውቃለሁ። ጭራ ልከው አስመጥተው ሊያስይዙኝ ነው ትላለህ፤ አንተ ብትሆን ታደርገው ነበርና። እኔም ልቤ ሙሉ ነው ብዬ አልዋሽህም። ግን ደርቤ፣ እኛ አንተን እያመንን ስንት ጊዜ ተሞኝተናል። እስቲ አንዴ ደግሞ አንተ እመንና ተሞኝ።

ገብሱ ቆሟል። ከታች ያለውን እርከን ወፍ በልቶታል። የላዩ አለ። እማ አትንገሪው ብላኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩህ።

የትናየት


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ፈተና ላይ ስለሆንሽ መምጣት እንደማትችዪ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ የጠየቅሽውን ሁሉ ልመልስ።

አዎ፣ ፈርቼ ነበር። ሊማሊሞን ስንወጣ ሰብስቤን ሁለት ጊዜ አውርደኝ አልኩት፤ «ዳገት ላይ አይቆምም» አለኝ። አዎ፣ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እኔ ጭራውን እንደ ባንዲራ ወደ ላይ ይዤ ገባሁ። ፖሊሱ ማን ነበር መሰለሽ? ያ ጎማውን የለጠፍኩለት! አየኝ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና አየኝ፣ «ኪዳኑ፣ ስምህ እዚህ ሌላ ተብሎ ተጽፏል» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ተለቀቅሁ።

አዎ፣ የላዩ እርከን ታጭዷል። አያ ያርጋል ደቦ ጠርተው አንድ ቀን የእማን፣ አንድ ቀን የራሳቸውን አሳጨዱ። የክርስትና አባቴ አገኘሁም መጣ፤ ነዶ ሲሸከም «ማኅተሙን ከምን ቀረጽኸው?» እያለ ነው። እማ ለደቦው ጠላ ስትቀዳ እኔን ዘላኝ ሄደች፤ ተመልሳ መጥታ ግን ሞላችልኝ። አንቺንም ስለምታናግርሽ አሁን ደውዪላት።

ዕርቁ በሽማግሌ ፊት ሆነ። ዳኛው መዝገቡን ለመዝጋት ቀጠሮ ሲሰጡ «ታኅሣሥ 19» ብለው ሳይጨርሱ ችሎቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ገብርኤል ነው!» አለ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ተነፈሱ፣ ወደ 18 አመጡት። ሁለታችንም ቀረብን። እኔ ተግሣጽ ተቀበልኩ፣ አያ ያርጋልም ትንሽ ደረሳቸው።

አሁን ቅጣቱን ልንገርሽ። አያ ያርጋል ሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «እኔ ካሣ አልፈልግም። በቅሎዋ ግን ዝንብ የምትከላከልበት የላትም። የወሰደው ልጅ ይከላከልላት። ጅራቷ እስኪበቅል ጅራቷ እሱ ነው።» ከሽማግሌዎቹ አንዱም አልሳቀም። መርቀው አጸደቁት።

ይኸው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቀን ቀን ከበቅሎዋ ኋላ ቆሜ በራሷ ፀጉር ዝንብ አባርርላታለሁ። ደጋ ላይ ዝንብ የለም ያለ ሰው አውድማ ላይ ይምጣ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል፤ ሕፃናት «ጅራት! ጅራት!» ይሉኛል። ድሮ ሰው ሲሰድበኝ እመልስ ነበር፤ አሁን በቅሎዋ ራሷ ዞር ብላ ስታየኝ ጭራውን አፈጥናለሁ። ክንዴ ዝሏል። ይህንንም የምጽፍልሽ በአንድ እጄ ነው፤ የዛሬው ዝንብ ግን የመጣው እኔን ሳይሆን እሷን ፈልጎ ነው።

አያ ያርጋል ማታ ማታ መጥተው ጅራቷን በጣታቸው ይለካሉ። ትናንት እኔም ለካሁት። «ያንተ ጣት ያሳንሰዋል» ብለው አልተቀበሉኝም።

እንግዲህ እታለም፣ ወንበር ስበሽ አንብቢው ያልኩሽ ያ ከባድ ዜና፣ ያ የዘር ማንዘራችንን አንገት የሚያስደፋ ነገር፣ ሲጠቃለል አንዲት በቅሎ ጅራት ላይ ያለ አንድ ጭብጥ ፀጉር ነው። እሱም በቅሏል፤ ጣት ያህል ሆኗል።

ወንበሩን መልሺው።

ደርቤ
የበቅሎዋ ጅራት